የሚነካ አይስማ፣ የሚሰማ አይንካ

ማክሰኞ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የጥር ነፋስ ከካራማራ በኩል እየወረደ አቧራውን ለየቤቱ ያድል ስለነበር የሱቃችንን በር ገርበብ አድርጌ ለአባዬ ሻይ ልቀዳ ብርጭቆ እያለቀለቅሁ ነበር። አንድ አይሱዙ ኋላውን ወደ በራችን አዙሮ ቆመ። ጭነቱ ላይ በሁለት ፍራሽ መካከል የታሰረ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ ነገር አየሁ። ማቀዝቀዣ መሰለኝ። አባዬ ማቀዝቀዣ እንደማይሠራ ለመንገር ቃላት እያዘጋጀሁ ሳለ ከጋቢናው አንዲት ሴትዮ ወርደው ጫኞቹን በሶማልኛ መቆጣት ጀመሩ።

ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ ጁክቦክስ ሆነ። ሳንቲም ሲጎርስ ከሆዱ ሸክላ መርጦ የሚያጫውት፣ እኔ በፊልም ካልሆነ አይቼው የማላውቅ የድሮ የሙዚቃ ሳጥን ነው። ቀይና ቢጫ ፕላስቲኩ ደብዝዟል። አንደኛው ጎኑ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል፤ ሴትየዋ ፍየሎች ጨው ያለበት እየመሰላቸው ልሰው የጨረሱት ነው አሉ።

ቀብሪበያ ከተማ፣ ከከብት ገበያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው ናቸው። እኔ «ኤዶ» አልኳቸው። በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ለማናቸውም ዕድሜያቸው ለገፋ ሴት እንዲህ እንላለን። እሳቸው አማርኛን ገበያ ውስጥ ስለተማሩት አባዬን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ «አንተ» ነበር የሚሉት፤ ስሙን ከመጠየቃቸው በፊት ደግሞ «መሐንዲስ» ብለው ሰየሙት።

ሳንዱቁን፣ እሳቸው እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ያመጡት ነው። ባለቤታቸው አሁን የሉም። የሳንዱቁ ድምፅ ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሸክላው እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ድምፁ ብቻ ጭልጥ ይላል፤ ሲያሻው ይመለሳል። ከብት ነጋዴዎቹ ሳንዱቅሽ እንደ ቀብሪበያ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሲመጣ ለመቅዳት ጀሪካን ይዘን እንጠብቅ እያሉ ያሾፉባቸዋል። ከሐርጌሳ የሚመላለስ አንድ ቴክኒሺያን በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ቀብሪበያ ይመጣል። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉትን አምፖል መሳይ የመስታወት ቫልቮች በሙሉ አውጥቶ ጥሎ፣ መዳፍ የምታክል ሰሌዳ አስገብቶ፣ ከስልክ ዘፈን እንዲቀበል ሊያደርገው ተስማምቷል። እሳቸው ግን ልባቸው አልፈቀደም። ባለቤታቸው ማታ ማታ ሻይ ቤቱ ሲዘጋ የሳንዱቁን ጀርባ ከፍተው የቫልቮቹን ብርሃን እያዩ ይቀመጡ ነበር። እንደ ፍም ነው የሚበሩት፣ ብርቱካናማ ሆነው። እስከ ሐሙስ ድረስ በሽታውን ካገኘኸው ሳንዱቄ እንዳለ ይኖራል፣ ካላገኘኸው ሆዱ ይወጣል፤ ለአባዬ የነገሩት ይህንን ነው።

አባዬ መዳፉን የሳጥኑ ራስ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። እኔ ይህን ቆይታ የአክብሮት አድርጌ ነበር የወሰድኩት።

«ይህን ካላገኘሁት» አለ በመጨረሻ፣ «የሱቁን ቁልፍ ለልጄ ሰጥቼ እቤቴ እቀመጣለሁ።»

«ለልጅህ ቁልፍ ከመስጠትህ በፊት ባል ፈልግላት» አሉት ኤዶ። «ሱቅ በብርድ አያሞቅም።»

ጫኞቹ ሳቁ። እኔ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አለቀለቅሁት።

ያ የቁልፍ ነገር ቀልድ እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አባዬ ከወሎ በወታደርነት መጥቶ፣ የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ አገልግሎ፣ ሲሰናበት እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ በር ሱቅ ተከራይቶ፣ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች እናቴን አግብቶ፣ እኔን ወልዶ፣ እናቴንም ከዚያው ቤት ቀብሮ ኖረ። ጆሮው ይታወቅ ነበር። ሬዲዮ ሳይከፍት አጠገቡ አስቀምጦ ያዳምጥና ይሄ ስፒከሩ ነው፣ ይሄ የቮልዩሙ ቁልፍ ነው ይል ነበር። ግን ሰው ሬዲዮ መያዝ ተወ። ሱቃችን የሚመጡት የማታውን ዜና ካልሰሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ጥቂት ሽማግሌዎችና የሶላር አምፖል የተቃጠለባቸው ሰዎች ብቻ ሆኑ። እኔ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቄ ተመልሼ ሥራ እስካገኝ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ደንበኛ ሲመጣ ከመጋረጃው ኋላ መሆን እወድ ነበር፤ ዕቃውን አየዋለሁ፣ ሰውየውን እሱ ያናግረዋል። በዚህ አኗኗር ሁለታችንም ደስተኞች ነበርን ብዬ አስባለሁ።

የሚቆራረጥ ድምፅ ከሞተ ድምፅ ይከብዳል፤ ይህን ከዩኒቨርሲቲ በፊት ከእሱ ነው የተማርኩት። የሞተ ነገር እስክትደርሺበት ድረስ እንደሞተ ይጠብቅሻል፣ የሚቆራረጥ ግን ልክ ስታዪው ይድናል፤ ፊትሽን ስታዞሪ ደግሞ ይታመማል ይለኝ ነበር። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ብልሽት የራሱ አሠራር ነበረው። አምፕሊፋየሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ያጋድመዋል፤ መብራት ይሰጠዋል፤ ሸክላ ያስነሳል። ከዚያ አንድ ሰው በደረቅ እንጨት እያንዳንዱን ቫልቭ፣ እያንዳንዱን ሽቦና ብየዳ በቀስታ መታ መታ ያደርጋል። ሌላው ራቅ ብሎ ቆሞ ያዳምጣል። የተነካው ቦታ ላይ ድምፁ ከጠፋ በሽታው እዚያ ነው።

እንጨቱ መፋቂያ ነበር። መስጊዱ ፊት ለፊት ከሚሸጡት ሴቶች ይገዛና ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ እርጥበቱ እስኪያልቅ ያደርቀዋል፤ እርጥብ እንጨት መብራት ያሳልፋል። ቫልቭ ያለው አምፕሊፋየር ውስጥ ከግድግዳው ሶኬት የሚበልጥ ኃይል ይዞራል፤ ለዚህ ነው የሚነካው ሰው ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲከት የሚያዘው። አንድ እጅ ብቻ ውስጥ ከገባ መብራቱ ልብን አቋርጦ የሚወጣበት መንገድ ያጣል። የእኔ ቀሚስ ኪስ አልነበረውም። ገና አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ አባዬ ራሱ መርፌና ክር ይዞ በግራ ጎኑ ኪስ ሰፋልኝ። ስፌቱ እንደ ወታደር ስፌት ወፍራም ነው። ቀሚሱን አሁን አልለብሰውም፤ ግን አልሰጠሁትም።

ዋናው ሕጉ ግን ሌላ ነው፤ የሚነካ አይስማ፣ የሚሰማ አይንካ። የሚነካው ሰው ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል። ጆሮ ተስፋ ያደርጋል፣ እጅ ደግሞ ጆሮን ተከትሎ ይሳሳታል ይል ነበር አባዬ፤ ድምፁ ሲንኮሻኮሽ የሰማ ሰው እዚያው ላይ አጥብቆ ይመታል፣ ያልታመመውንም ያሳምማል። የሚሰማው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኝ እጁን ያነሣል። እጁ ተነሥቶ ከቆየ ድምፁ አለ። እጁ ከወረደ ጠፍቷል። እኔ የማየው እጁን ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነኪዋ እኔ ነኝ፣ ሰሚው እሱ ነው፤ በእጁ መውረድ ያላገኘነው ብልሽት አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ አገኘነው። ሦስተኛው ቫልቭ የሚሰካበት መቀመጫ ሥር ከሚገኙት የብረት እግሮች አንዱን ስነካ የአባዬ እጅ ወረደ፤ ስለቀው ተነሣ፤ ስነካው ወረደ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተን፣ ከጠፋም በኋላ ውስጡ የሚቀረውን ኃይል አፍስሰን፣ በማጉያ መነጽር አየሁት። ብየዳው ዙሪያ ፀጉር የምታክል ጥቁር ቀለበት ነበረች። ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከእግሩ የተላቀቀ ብየዳ ነው። የአባዬ ዓይን ቅርቡን ማየት ስለተሳነው የብየዳውን ካውያ እኔ ያዝኩ። አዲሱ የብየዳ ሊድ ቀልጦ እንደ ውሃ ጠብታ ሲያበራ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ጥጤን አውጥቼ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር ሰማነው። ዑድ የሚጫወትበት የቆየ የሶማልኛ ዘፈን ነው፤ ሴቲቱ ስትዘፍን ከኋላዋ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። አንድም ቦታ አልተቋረጠም። አባዬ የግመል ወተት ሊገዛ ወጣ፤ ሲደሰት ወተት ነበር የሚገዛው። እሱ ሲመለስ እኔ ግቢው ውስጥ የውሃ በርሜሉ ጋ ዕቃ ሳጥብ ብቻውን ተቀምጦ ሸክላውን ደገመው። ከዚያ ጠራኝ።

«ጠፋ» አለ። ፊቱ ሰው ያታለለው ይመስል ነበር። «ተመልሷል አሁን። ግን ጠፍቶ ነበር።»

አመንኩት። ለምን አላምነውም? አንድ አምፕሊፋየር ሁለት ብልሽት ሊኖረው ይችላል፤ አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ሲታወሱኝ ከሁሉ በላይ የማስታውሰው የጥጡን ሽታ ነው፣ እና የራሴን ደም በጆሮዬ ውስጥ ሲመታ። ጥጤን ወትፌ፣ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በመፋቂያው መታ መታ እያደረግሁ እጁን አያለሁ። እጁ ይወርዳል። ምልክት አደርጋለሁ። ያንኑ ቦታ ደግሜ ስነካው አይወርድም። ሌላ ቦታ፣ ምንም ሳልነካ፣ ይወርዳል። ቫልቮቹን ቦታ አቀያየርን። የመቀመጫዎቹን ቀዳዳዎች በአልኮል ጠረግን። ከአንድ የተቃጠለ ሬዲዮ የነቀልነውን ካፓሲተር ገጠምን። ስለ ሙቀት አሰብኩ፣ ስለ ከተማው መብራት መዋዠቅ አሰብኩ፣ ከአይሱዙዎቹ መንጫጫት የሚመጣ ንዝረት ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን የኤሌክትሪክ መለኪያውን ሽቦዎች ስፒከሩ ላይ አሰርኳቸው። የአባዬ እጅ ሲወርድ መርፌዋን አየሁ፤ ከዘፈኑ ጋር መንቀጥቀጧን አላቆመችም። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ባትሪውን ቀየርኩለት። እሱም ሳይበቃኝ ከጎረቤት ሱቅ ሌላ መለኪያ ተዋስኩ። መለኪያን ለመጠራጠር ሥርዓት ተምሬያለሁ። አባቴን ለመጠራጠር ግን የተማርኩት ነገር አልነበረም።

ሌሎች ነገሮችም ነበሩ፣ ግን ትንንሽ ነበሩ። ብርጭቆ ይዞ ሳለ ሻዩ ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ ይፈስሳል፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ደንግጦ ያቃናዋል። ከመስጊድ አብሮት የተመለሰ ጎረቤታችን አባትሽ ዛሬ ሰግደን ስንቀና እሱ እንዳጎነበሰ ቀረ፣ ወገቡን አሞት ይሆናል አለኝ። ሐረር ሄደን ሐኪም ይየው ብዬ ስጠይቀው ድካም ነው፣ ይህ ሳጥን ነው ያደከመኝ፣ ሲያልቅ ይተወኛል አለ። በዚያ ላይ አባዬ ሆዱ የተከፈተ የሰው ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ከከተማ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ምጥ ላይ ሳለች እንኳን የአንድ ሰውዬ ቴፕ ገጥሞ ጨርሶ ነው ሐኪም ቤት የደረሰው ይባላል፤ እሷ በሳቅ ስታወራው ሰምቻለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኤዶ በሚኒባስ መጡ። ሐሙስ ነገ ነው። ከበሩ ውስጥ ገብተው ከአባዬ ጀርባ ቆሙና መሐንዲስ፣ ሳንዱቄን ልታስተካክል ነው ወይስ ልታገባ ነው አሉ። ለእኔም ሁለት መሐንዲስ ለአንድ ሳጥን፣ ሐርጌሳ ላይ አንድ ሰው ለአሥር ሳጥን ነው ብለው ጨመሩ። አባዬ በትሕትና ሳቀ። አሁን እናሳይዎታለን፣ ይስሙት አላቸው። ጥጤን ወተፍኩ። ሸክላው ተነሣ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አነሣ።

እኔ የአባዬን እጅ አያለሁ፤ ከእጁ ኋላ የኤዶን ፊት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ግጥሙን ያውቁታል፤ ድምፅ ሳያወጡ ከዘፋኟ ጋር ይዘፍናሉ። ሁለተኛውን ቫልቭ ነካሁ፣ እጁ እንደተነሣ ነው። የካፓሲተሩን እግር ነካሁ፣ እጁ እንደተነሣ ነው። ከዚያ መፋቂያው ገና አየር ላይ ሳለ እጁ ወረደ። እንደ ምልክት አልነበረም የወረደው። ክሩ እንደተበጠሰ ነገር ነበር።

የኤዶ ከንፈር ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም።

መፋቂያውን አስቀመጥኩና ከቀኝ ጆሮዬ ጥጡን አወጣሁ። ዘፈኑ ነበር። ሙሉ፣ ጥርት ያለ፣ ከኋላ ጉሮሮውን የሚጠራርገው ሰውዬ ሳይቀር። አባዬ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፤ የተጨፈኑት ዓይኖቹ በግማሽ ተከፍተዋል፣ ግን የሚያይባቸው ሰው አልነበረም። ኤዶም መዝፈናቸውን ተዉና ከጎኑ መጥተው ፊቱን አዩ። አንድ አንጓ ዘፈን አለፈ። ከዚያ አባዬ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ተመለሰ፣ የወረደች እጁን አየ፣ ጆሮውን አቀና። ለእሱ ዘፈኑ ካለበት ቦታ ዘልሎ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ሊያስብ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጠፋ» አለ። «አሁንስ ሰማችሁት አይደል? የነካሽበት ላይ ምልክት አድርጊ፣ ልጄ።»

 ኤዶ ቀደሙኝ።

«አዎ፣ መሐንዲስ» አሉ። «እኔም ሰማሁት። ጠፋ።»

በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ያለ ፌዝ ያናገሩት ያን ጊዜ ነበር። ልሸኛቸው ወጥቼ ከግድግዳው ጥግ ነፋስ በማይነካን ቦታ ቆምን። «ሆዮ» አሉኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ የሶማሌ እናት ልጇን በራሷ ስም ትጠራዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላውቅም፣ ኤዶ። ሳንዱቁ መስሎኝ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤታቸው የከብት ደላላ ነበሩ። በእኛ አገር የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም፤ ደላላውና ገዢው እጅ ለእጅ ይያያዙና ጨርቅ ጣል አድርገውበት በጣት ይነጋገራሉ፣ በዙሪያቸው የቆመ ሰው አይሰማም። ኤዶ እንደነገሩኝ የባለቤታቸው እጅ ከጨርቁ ሥር ድንገት ዝም ማለት ጀመረ። ገዢው በዋጋው አልተስማማም ብሎ ይጨምር ነበር። የቀብሪበያ ገበያ ሁሉ እንደ እሱ የሚያስወድድ ደላላ የለም አለ። እሳቸውም በባላቸው ብልጠት ሲስቁ ከረሙ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ አንድ ቀን እጁ ዝም እንዳለ ቀረ።» የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ሐረር ውሰጂው። ዛሬ ነገ አትበይ። ሳንዱቄ እግር የለውም፣ አይሮጥም።»

«የሐርጌሳው ሰውዬ ነገ ይመጣል እኮ።»

«ለቅሶ ብላ እስከ ጉናጋዶ ከተማ ሄዳለች ይበሉታል። የሻይ ቤት ሴት መዋሸት አያቅታትም።»

ማታ እራት ላይ ልነግረው ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። እኔ ለማላውቀው ሰው ሰላምታ ለመስጠት እንኳን ቃሉን አስቀድሜ የማጠና ሰው ነኝ። ለአባት፣ ድምፁ ጠፋ ስትል የምትጠፋው አንተ ራስህ ነህ የሚባለው በምን ቃል ነው? ዝም ብዬ ነገ ሐረር እንሂድ አልኩት። ትንሽ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

«ዕቃው ተከፍቶ የትም አልሄድም» አለ። ከዚያ ከአንገቱ ላይ የሱቁን ቁልፍ አውልቆ ትሪው ጎን አስቀመጠው። «ነገ እስከ ቀትር ልሞክረው። ካላገኘሁት ውሰጂው፤ እኔ ጨርሻለሁ። ሐረርም አልሄድም፣ ለጨረሰ ሰው ሐኪም ምን ያደርጋል?»

ቁልፉን አላነሣሁትም። ትሪውን ሳነሣ ዙሪያውን ዞሬ ነው ያነሣሁት።

ጠዋት ለሱብሒ ሶላት ሲወጣ የእግሩ ኮቴ ከግቢው እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ሱቁ ገብቼ መብራት አበራሁ፣ ካውያውን ሰካሁ። አምፕሊፋየሩ ከኃይል ተነቅሎ እንደነበር ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ባለፈው ሐሙስ ትንፋሼን ይዤ የበየድኩትን ያንኑ እግር አሞቅሁት፤ ሊዱ ሲቀልጥ መጥጬ አነሣሁለትና እግሩ ሽቦውን ለመንካት ያህል ብቻ እንዲጠጋ አድርጌ ተውኩት። በሕይወቴ ሆን ብዬ ያበላሸሁት የሰው ዕቃ ያ ብቻ ነው።  አምፕሊፋየሩን አስነሥቼ በመፋቂያው መታ አደረግሁት፤ ድምፁ ጠፋ፣ ተመለሰ። አጠፋሁትና ካውያውን ነቅዬ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩት።

አባዬ ሲመለስ መፋቂያውን ሰጠሁት።

«ዛሬ አንተ ንካ» አልኩት። «እኔ ልስማ።»

ቦታ ተቀያይረን አናውቅም። በሕጉ ላይ ግን ይህን የሚከለክል ነገር የለም። ጥጡን ከመዳፌ ወስዶ ጆሮው ውስጥ ወተፈ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ ግራ እጄን የኃይሉ ማጥፊያ ላይ አድርጌ፣ ከእጁም ከፊቱም ዓይኔን ሳልነቅል ቆምኩ፤ አንዴ እንኳን ዓይኑ ቢሰወር ለማጥፋት። ሸክላው ተነሣ። አንደኛውን ቫልቭ ነካ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው መቀመጫ ጋ ሲደርስ ዘፈኑ ተቆረጠ፤ እጄን አወረድኩ። ሲለቀው አነሣሁት። ሲነካው አወረድኩት።

ጥጡን አወጣ። «አገኘሁት» አለ፣ ለራሱ ይመስላል።

ማጥፊያውን ተጫንኩ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ኃይሉን አፈሰስን። ማጉያ መነጽሩን አምጥቼ ልይልህ ብለው ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አጠለቀውና ጎንበስ አለ። ለረጅም ጊዜ አየው። በዕድሜ ብዛት የተሰነጠቀ ብየዳ ጥቁር ነው፤ ትናንት ወይም ዛሬ የተነቀለ ደግሞ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሳበላሸው ግን አላሰብኩትም። ከዚያ ሊበይደው እጁን ወደ መንጠቆው ዘረጋና ካውያውን አነሣ። ጫፉን እንደ ልማዱ በጣቱ ጥግ ነካ አደረገው። ጣቱን ወዲያው አልመለሰም። ካውያው ገና ሙቅ ነበር።

ቀና ብሎ አላየኝም። ቀስ ብሎ ሶኬቱ ላይ ሰካው፣ እንደ ቀዝቃዛ ካውያ እስኪግል ጠበቀው፣ እኔም አብሬው ጠበቅሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እግሩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ራሱ በየደው። ትንሽ ወፈር ያለች፣ ጠንካራ ብየዳ ነበረች። አምፕሊፋየሩን ሳጥኑ ውስጥ መልሰን የጀርባውን ክዳን በብሎን አሰርነው። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ካቻቢቴውን ቦታው ላይ አስቀመጠ።

«ጃኬቴን አምጪልኝ» አለ። «ሐረር ጠዋት ይበርዳል።»

ጃኬቱን ይዤ ስመለስ የሱቁ በር ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩለት፣ በግራ ጎኑ ሆኜ ክንዱን ያዝኩና ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው ሄድን።